«ፈርሟልና ዝም ይበል» ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዓለም ከሚፈጸመው ግፍ ሁሉ ለመንቀፍ የሚያስቸግረው የሕግን ልብስ ለብሶ የሚመጣው ግፍ ነው። ሌባ በሌሊት ግድግዳ ነድሎ ቢገባ ጐረቤት ይጮኻል፤ ዳኛ ይፈርዳል፤ የተሰረቀውም ሰው ቢያንስ የሚያዝንለት አያጣም። ነገር ግን አንድ ባለጠጋ ችግረኛውን በቀን ብርሃን ጠርቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ብዕር አስጨብጦ፣ የዕድሜ ልክ ሀብቱን በጥቂት ገንዘብ ቢያስፈርመው ሰው ሁሉ «ውል ነው» ብሎ ያልፋል። የተበደለው ሰው አቤት ቢል እንኳ «አንተ ራስህ ፈርመህ የለምን?» ይባልና አፉን ይይዛል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልከራከር ያሰብሁት ከዚህ ቃል ጋር ነው። «ፈርሟልና ዝም ይበል» የሚለው ቃል ፍርድ መስሎ የሚነገር የግፍ መሸፈኛ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለክርክሩ ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ነገር ለአንዳንድ አንባቢ የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። ይኸውም በአሜሪካ አገር በሥዕል እየተተረከ የሚታተመው የኀያላን ጀግኖች መጽሔት፣ በእነርሱ ቋንቋ «ኮሚክ» የሚባለው ነው። በሰማይ የሚበረው ሱፐርማን፣ የሌሊት ወፍ መስሎ ወንበዴ የሚያሳድደው ባትማን፣ እንደ ሸረሪት በግድግዳ ላይ የሚወጣው ስፓይደርማን፣ ሌሎችም ብዙዎች የተወለዱት ከዚህ መጽሔት ነው። ዛሬ እነዚህ ስሞች ያልደረሱበት አገር ቢፈለግ አይገኝም። በአዲስ አበባም ቢሆን የሱፐርማን ምልክት ያለበት ካናቴራ የለበሰ ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም። ያን ልጅ «ይህ ምልክት የማን ነው?» ብትሉት ፈጥኖ ይመልሳል፤ «የፈጠረውስ ማነው?» ብትሉት ግን ዝም ይላል። በልጁ አይፈረድም፤ ልብሱን የገዛለት አባትም፣ የሸጠው ነጋዴም አያውቁም። የማያውቁትም የፈጠሩት ሰዎች ስም ለብዙ ዓመታት ሆን ተብሎ ከገጹ ላይ ሲነሣ ስለ ኖረ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዘመኑንም የማነሣው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በኦሃዮ አገር በክሊቭላንድ ከተማ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱም በ1914 የተወለዱ፣ ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ የወጡ፣ በትምህርት ቤት የተዋወቁ ባልንጀሮች ናቸው። ሲግል ይጽፋል፤ ሹስተር ይሥላል። ጊዜው በአሜሪካ ሥራ የጠፋበትና ችግር የጸናበት ዘመን ነበር። እነዚህ ወጣቶች ሱፐርማንን አስበውና ሥለው ለአሳታሚዎች ቢያቀርቡት ለብዙ ዓመታት በየደጁ እየተመለሱ ቈዩ። በመጨረሻ በ1938 አንድ የኒውዮርክ አሳታሚ ተቀበላቸው። ለ13 ገጽ ታሪክ በገጽ 10 ዶላር ታስቦ 130 ዶላር ተከፈላቸው፤ ከዚህም ጋር ሱፐርማንን ለዘለዓለም ለአሳታሚው የሚያስተላልፍ ወረቀት ፈረሙ። ያን ቀን ሁለቱም የ23 ዓመት ወጣቶች ነበሩ።

ያ ታሪክ የወጣበት «አክሽን ኮሚክስ» ቍጥር 1 የተሸጠው በ10 ሳንቲም ነው። ሕዝቡ መጽሔቱን እየተሻማ ገዛው። ሱፐርማን በ1940 በራዲዮ፣ በ1941 ደግሞ በሲኒማ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ከትርፍ ወደ ትርፍ ሲሸጋገር ኖረ። ያ የ10 ሳንቲም መጽሔት ዛሬ በእጅ የሚገኘው ቅጂ ጥቂት ስለ ሆነ አንዱ በ2014 በ3.2 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላው በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከዚህም የሚያስገርም አለ። የሱፐርማን ዋጋ ከሌላ ሥራ ዋጋ ጋር ተደምሮ የተከፈለበት ቼክ በ2012 በጨረታ ቀርቦ በ160 ሺህ ዶላር ተገዛ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ አድርግ፤ ዋጋው የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ለሱፐርማን ከተከፈለው ዋጋ ከሺህ እጥፍ በላይ አወጣች።

እውነቱን ላለመደበቅ፣ ሁለቱ ባልንጀሮች ያን ጊዜውን በረኃብ አልተቀጡም። በሠራተኝነት ለጥቂት ዓመታት ደኅና ደመወዝ አግኝተዋል። ነገር ግን የፍጥረታቸው ትርፍ ወዴት እንደሚሄድ ሲያዩ በ1947 ከሰሱ፤ በ1948 ክርክሩ በዕርቅ አለቀና 94 ሺህ ዶላር ያህል ተቀብለው ይገባናል የሚሉትን ሁሉ ተዉ። ከዚያ በኋላ ሥራውም ቀረ፣ ስማቸውም ከመጽሔቱ ላይ ተነሣ። ዓመታት አለፉ። ሹስተር ለሣይ ከሁሉ የሚከፋው ነገር ደረሰበት፤ ዐይኑ እየደከመ ሄደ። ሲግልም በሎስ አንጀለስ ከተማ በትንሽ ደመወዝ ደብዳቤ የሚያመላልስ ተራ ሠራተኛ ሆነ። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። ይህ ተረት በእነርሱ ላይ እንደ ቃሉ ደረሰ፤ የራሳቸው ፍጥረት ከራሳቸው በላይ በሰማይ ይበራል፣ እነርሱ ግን ከታች ሆነው አንጋጠው ያያሉ።

በ1975 ሱፐርማንን በታላቅ ወጪ በሲኒማ ለማውጣት ሲታሰብ ሲግል አላስቻለውም። በደሉን ሁሉ ዘርዝሮ በረዥም ጽሑፍ ለጋዜጦች ላከ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት ሣዮችም ነገሩን እንደ ራሳቸው ነገር አድርገው ይዘው ከጋዜጣ ወደ ቴሌቪዥን እየዞሩ አስታወቁ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የሱፐርማን ባለቤት የሆነው ዋርነር ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ሊከፍልና ስማቸውንም ሊመልስ ተስማማ። ከኩባንያው ሹማምንት አንዱ በዚያን ጊዜ የሰጠው ቃል፣ ሕግ ባያስገድደንም የሕሊና ግዴታ አለብን የሚል ነበር። እኔም ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። ሕግ የሚለው ሌላ፣ ሕሊና የሚለው ሌላ መሆኑን የመሰከረው ራሱ ባለ ውሉ ነውና።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያው ተከራካሪ «ሰው ወዶና ፈቅዶ የፈረመውን ማክበር አለበት፤ ውል ካልተከበረ አገር አይጸናም» ይላል። ውል መከበሩን እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን «ወዶና ፈቅዶ» የሚለውን ቃል ቀርበን እንመርምረው። አንደኛው ወገን ገንዘብ፣ ጠበቃና ማተሚያ ያለው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ወገን ብዙ ዓመት በየደጁ የተመለሰ የ23 ዓመት ወጣት ነው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው አይደለምን? ባይፈርም ሥራው በእጁ እንዳለ ይቀራል፤ ቢፈርም ከእጁ ይወጣል። ከሁለት መጥፎ ነገር አንዱን የመረጠ ሰው መረጠ ይባላል እንጂ ወደደ አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ላም የሚሸጥ ሰው ላሚቱን ያውቃታል፤ ገዢውም ጥርሷን አይቶ፣ ጡቷን ዳስሶ ይገዛታል፤ ስለዚህ ሁለቱ በዋጋ ቢስማሙ ፍርድ ነው። ሐሳብ ግን ገና ያልተወለደ ነገር ነው። በ1938 ሱፐርማን ስንት ልጅ እንደሚወልድ ሻጩም ገዢውም አያውቁም ነበር። ሁለቱም ያላወቁት ነገር ከሆነ ጥቅሙ ሲገለጥ ለሁለቱም መካፈል የሚገባው ነበር፤ ውሉ ግን ከማይታወቀው ውስጥ የተገኘውን በረከት ሁሉ ለአንድ ወገን ሰጠ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» ይባላል። ሞፈሩን የቈረጠ ሰው «ደጃፉ ላይ ቆሞ ዝም አለኝ» ቢል ብልጠቱን ገለጠ እንጂ ጽድቁን አላስረዳም።

ሁለተኛው ተከራካሪ «ወረቀት የገዛው፣ ያሳተመው፣ ባይሸጥ ኖሮ የሚከስረው አሳታሚው ነው፤ ትርፉም የእርሱ ይሁን» ይላል። ይህ ቃል ግማሹ እውነት ነው። ነጋዴ ገንዘቡን በማይታወቅ ነገር ላይ አፍስሶ ሲያተርፍ ትርፉ ይገባዋል፤ ያለ አሳታሚም ሱፐርማን ከክሊቭላንድ ባልወጣ ነበር። ነገር ግን ኪሳራ የሚፈራው አሳታሚው ብቻ ነውን? አንድ ወጣት የጉልምስናውን ዓመታት፣ ዐይኑንና ጣቱን፣ ሌላ ሙያ ሊማርበት የሚችለውን ጊዜ ባልታወቀ ነገር ላይ ሲያፈስስ ይህ የንብረት ማፍሰስ አይደለምን? አሳታሚው ቢከስር ሌላ መጽሔት ያወጣል፤ ዐይኑ የጠፋበት ሣይ ግን ሌላ ዐይን አያወጣም። ደግሞም የአሳታሚው ሥጋት በመጀመሪያዎቹ ወራት አለቀ። ገበያው ከተረጋገጠ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ «ሥጋት ነበረብኝ» እያሉ ሁሉን መውሰድ፣ አንድ ሌሊት ዝናብ ላይ ያደረ እረኛ የመንጋውን ጌታነት እንደ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ተከራካሪ የሚያመጣው ነገር ረቀቅ ያለ ነው። «እነዚህ ኀያላን የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም፤ ጸሐፊው፣ ሣዩ፣ ቀለም ቀቢው፣ አራሚው ተባብረው ያወጧቸው ናቸው፤ ስለዚህ የኩባንያው ናቸው» ይላል። ለዚህ የጃክ ከርቢን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። ከርቢ በ1917 በኒውዮርክ በድኾች ሰፈር የተወለደ፣ አባቱ በልብስ ስፌት የሚያድር ሰው ነው። ከጆ ሳይመን ጋር ሆኖ ካፒቴን አሜሪካን ፈጠረ፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ሳትገባ በወጣው በመጀመሪያው መጽሔት ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታው ይታያል። ኋላም ከርቢ ራሱ ወታደር ሆኖ በፈረንሳይ ዘመተ። ከ1961 ጀምሮ ማርቭል ለሚባለው አሳታሚ ከስታን ሊ ጋር ሲሠራ ፋንታስቲክ ፎርን፣ ሀልክን፣ ቶርን፣ ኤክስ ሜንን፣ በ1966ም ብላክ ፓንተር የተባለውን የአፍሪካ ንጉሥ አወጡ።

የአሠራራቸው ሁኔታ እንዲህ ነበር። ስታን ሊ የታሪኩን ሐሳብ ባጭሩ ይናገራል፤ ሣዩ ያን አጭር ሐሳብ ይዞ ቤቱ ገብቶ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ገጽ በገጽ በሥዕል ይተርካል፤ ከዚያ በኋላ ሊ ሰዎቹ የሚናገሩትን ቃል ይጽፋል። ሊ ትልቅ ችሎታ የነበረው ሰው ነው፤ ኀያላኑም የእርሱ ንብረት አልነበሩምና እርሱም የኩባንያው ሠራተኛ ነበር። ነገር ግን በሕዝብ ዘንድ ስሙ እንደ ብቸኛ አባት ሲጠራ፣ ታሪኩን በሥዕል የሠራው ሰው በገጽ ልክ ሒሳብ ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ሥራው የብዙ እጅ መሆኑ የሚያስረዳው ምንድን ነው? ለብዙ እጅ መካፈል እንደሚገባው ነው እንጂ ከሠሩት ሁሉ ተነጥቆ ላልሣለው መሰጠት እንዳለበት አይደለም። ብዙ ወንድማማች ያረሱትን እርሻ «የአንዳችሁም ብቻ አይደለምና የእኔ ነው» ብሎ የሚወስድ ባለ ጐተራ ታይቶ ያውቃልን?

ከርቢ በገዛ እጁ የሣላቸው ገጾች እንኳ ለእርሱ አልነበሩም። በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት የእርሳስና የቀለም ሥዕሎቹ በኩባንያው መጋዘን ተቀምጠው ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ማርቭል ለሣዮች ገጾቻቸውን መመለስ ሲጀምር ሌሎቹ አጭር ወረቀት ፈርመው ሲወስዱ፣ ለከርቢ ግን አራት ገጽ ሙሉ የተጻፈ ውል ቀረበለት፤ ይህን ሁሉ ቢፈርም የሚሰጠውም 88 ገጽ ብቻ ነበር። ሌሎች ሣዮችና አንባቢዎች ጮኹለት፤ በ1987 ሁለት ሺህ ያህል ገጽ ተመለሰለት፤ ይህም ከሣለው ሁሉ ጥቂቱ ነው። በ1994 ሞተ። በ2009 ዲስኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዛ፤ በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ብቻውን ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የከርቢ ልጆች መብታቸውን ቢጠይቁ በ2011ም በ2013ም ፍርድ ቤት አባታችሁ የሠራው በቅጥር ሥራ ነው ብሎ ረታቸው። ይግባኙ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ይታይ አይታይ ሊባል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በ2014 ኩባንያው ከልጆቹ ጋር ታረቀ። ለማይገባው ሰው ዕርቅ የሚያቀርብ ባለጠጋ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

እስካሁን የወቀስሁት ባለ ኩባንያዎችን ነው፤ ነገር ግን በደል ሁሉ ከባለጠጋ ወደ ድኻ ብቻ የሚወርድ አይደለም። ባለሙያው ራሱ የባልንጀራውን ሙያ የበላበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ሚዛኔ የተዛባ ይሆናል። ባትማን በ1939 ሲወጣ የተጻፈው የቦብ ኬን ስም ብቻ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈው፣ የጀግናውን ካባና ጭንብል ዛሬ እንደምናየው ያስተካከለው፣ ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም ያወጣው ቢል ፊንገር የሚባል ጸሐፊ ነው። ኬን ከአሳታሚው ጋር ሲዋዋል ስሙ ብቻውን እንዲጻፍ አደረገ። ፊንገር በ1960ዎቹ ዓመታት ድርሻውን በአደባባይ ሲናገር ኬን በ1965 በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ካደ። ፊንገር በ1974 በድኽነት ሞተ። ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የፊንገርን ድርሻ አምኖ ተጸጸተ፤ ግን ጸጸቱ ለሙት ምን ይረባል? የፊንገር ስም ከኬን ስም ጋር እንዲጻፍ የተወሰነው አንድ ተመራማሪ ጸሐፊና የፊንገር የልጅ ልጅ ብዙ ከደከሙ በኋላ በ2015 ነው። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተጻፈችው ስም ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል ለማተም የሚወጣው ቀለም ዋጋው ስንት ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሣው በከንቱ አይደለም። ገንዘብን በተመለከተ «ብንሰጥ እንከስራለን» የሚል ሰበብ ይቀርብ ይሆናል። ስምን በተመለከተ ግን ምንም ሰበብ የለም። ስም መጻፍ የማንንም ሣጥን አያጐድልም። ታዲያ ለምን ተከለከለ? ስሙ የታወቀ ሰው ነገ ዋጋውን እንደሚጠይቅ ስለሚታወቅ ነው። የሲግልና የሹስተር ስም የተነሣው ከተከራከሩ በኋላ መሆኑን አንርሳ። ስለዚህ ስምን መደበቅ የመርሳት ነገር ሳይሆን ንብረትን የመጠበቂያ ዘዴ ነው፤ በጌታዋ ምልክት የተተኰሰችን ከብት ምልክቷን ፍቆ እንደ መንዳት ያለ ነው።

አራተኛው ተከራካሪ ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ «ምን ይህን ያህል ያስጮኻል? የሕፃናት መጫወቻ ሥዕል አይደለምን?» ይላል። ለዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ነገሩ ከንቱ ከሆነ ኩባንያዎቹ ስለ ምን ብዙ ጠበቃ ቀጥረው ሰባ ዓመት ይሟገቱበታል? ሲከፍሉ «የልጆች ጨዋታ»፣ ሲሸጡ «የማይተመን ሀብት» የሚሉ ከሆነ በሁለት ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ናቸው። ባለ እጅን መናቅ በእኛም አገር ያልነበረ በሽታ አይደለም። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሶ፣ ሸማኔው በሠራው ሸማ አጊጦ፣ ባለሙያውን ግን ሲሰድብ የኖረ ሰው ብዙ ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ባለ እጅ እንዳይሰደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ሥራውን ወድዶ ሠራተኛውን መናቅ በክሊቭላንድም ሆነ በአንኮበር ያው አንድ በሽታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የነገሩ ተቃራኒነት ነው። እነዚህ ኀያላን ለልጆች የሚያስተምሩት ምንድን ነው? ጕልበት ያለው ሰው ጕልበቱን ለደካማ መከላከያ ያድርገው የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ታሪኮች ሱፐርማን የሚታገለው ሚስቱን ከሚደበድብ ባል፣ ጉቦ ከሚሰጥ ሰው፣ ሠራተኞቹን በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ ለአደጋ ከሚያጋልጥ ባለጠጋ ጋር ነበር። ይህን ትምህርት በሚሊዮን ቅጂ እያተመ የሚሸጥ ቤት ትምህርቱን ያወጡትን ሁለት ሰዎች በድኽነት ሲያያቸው መኖሩ፣ ጾም እየሰበከ ከመጋረጃ ጀርባ ከሚበላ ሰው በምን ይለያል? ሲግልና ሹስተር የሚታደጋቸው ጀግና አስፈልጓቸው ነበር፤ የመጡላቸው ግን የሚበሩ ሰዎች ሳይሆኑ እንደ እነርሱ እርሳስ የያዙ ሁለት ሣዮች ናቸው።

ከዚህም የምንማረው ነገር አለ። በ1975 ጡረታውን ያስገኘው፣ በ1987 ገጾቹን ያስመለሰው፣ በ2015 ስሙን ያስጻፈው የዳኛ ፍርድ አይደለም፤ የሰው ጩኸትና የባለጠጋ ኀፍረት ነው። ሕግ ገና ስለ እግሩ ሲያስብ ኀፍረት ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛም ባለሙያዎች ራሳቸው ሊተባበሩ እንደሚችሉ በ1992 ታይቷል። በዚያ ዓመት ስማቸው የታወቀ ሰባት ሣዮች «ኢሜጅ ኮሚክስ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው፣ የፈጠሩት ሁሉ የፈጣሪው ንብረት እንዲሆን ወሰኑ። ማኅበሩ አልፈረሰም፤ እስከ ዛሬ ያትማል። «ለባለሙያ መብት ቢሰጥ ንግዱ ይጠፋል» ሲሉ የኖሩት ሰዎች ለዚህ መልስ የላቸውም። ሕግ ብቻውን ቢጠበቅ ግን እንዴት እንደሚዘገይ ተመልከቱ፤ በአሜሪካ ሕግ የመጀመሪያው ሱፐርማን የሕዝብ ሁሉ ሀብት የሚሆነው በ2034 መባቻ ነው። ሹስተር በ1992፣ ሲግል በ1996 ሞተዋል። ለሁሉ ነጻ የሚሆነው ለፈጠሩት ሳይሆንላቸው ካለፉ በኋላ ነው።

ይህ ነገር እኛን አይመለከተንም የሚል አንባቢ ካለ ተሳስቷል። በአገራችንም በሥዕል ታሪክ የሚተርኩ ወጣቶች ተነሥተዋል፤ በ2018 «ጀምበር» የተባለው ኢትዮጵያዊ ኀያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። ሕግም አለን። በእኛ አቈጣጠር በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410 አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትእዛዝ ሲሠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የገንዘብ መብቱን ለአሠሪው ይሰጣል፤ የሠራው ሰው ደራሲነቱ እንዲታወቅለት ያለውን መብት ግን ይጠብቅለታል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለዋን ሐረግ ወጣቶች ሁሉ በልባቸው ይጻፏት። ያቺ ሐረግ ክፍት በር ናት፤ ከመፈረም በፊት ለሚያንኳኳ እንጂ ከፈረመ በኋላ ለሚያለቅስ አትከፈትም።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ሦስት ቃል እናገራለሁ። ወጣት ሣይ ሆይ፣ ችግር ሲጫንህ የዛሬን እንጀራ ብቻ አትይ፤ ሥራህን ሽጥ፣ ግን ከሽያጩ የሚወለደውን ድርሻ በጽሑፍ አስቀር፤ ስምህንም በምንም ዋጋ አትሽጥ። አሳታሚ ሆይ፣ ያመጣልህን ሰው በበረከቱ አካፍለው፤ ካፒታልህ ወረቀትና ማተሚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባዶ ወረቀት አትመህ ትሸጥ ነበር። አባትና እናት ሆይ፣ ለልጃችሁ የኀያሉን ሥዕል ስትገዙለት በዚያው አፍ የሠሪውን ስም ንገሩት፤ «ይህን ጄሪ ሲግል ጻፈው፣ ጆ ሹስተር ሣለው፣ ድኾች ነበሩ፣ የሚገባቸውንም በጊዜው አላገኙም» በሉት። ልጁ ከዚያ የሚማረው ፍርድ ከመጽሔቱ ከሚማረው አያንስም።

ውል የሰው ልጅ ያወጣው ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ቢላዋ እንጀራም ሰውም እንደሚቈርጥ ሁሉ ውልም በያዘው እጅ ይለያል። በፍርድ ቀን በታላቁ ዳኛ ፊት «ፈርሞልኝ ነበር» የሚል መልስ ተቀባይነት ያገኛል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ወረቀቱን አጥብቆ ይያዝ። እኛ ግን በዚያ ቀን የሚመረመረው የፈረመው ሰው እጅ ሳይሆን ያስፈረመው ሰው ልብ እንደሚሆን እናምናለን።